ፊርማቸውን የነፈጉን ጋሼ

ስብሰባ በተባለ ነገር ሁሉ፣ ሰው ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል እጁን የሚያነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ጋሼ ናቸው፤ ክቡር ሊቀ እምቢታ። ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የኮምፒውተር ኮድ መጻፍ ተማሩ። ንግግራቸው ሁሌም በአንድ ቃል ይጀምራል፤ «ቆይ!»

እኛ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም በነፃ የምንሠራ ሠላሳ አንድ ሰዎች ነን። የፈቃድ ውላችን አጭር ነበር፤ ማንም ይውሰደው፣ ማንም ያሻሽለው፣ ያሻሻለውን ግን ለሁሉም ይመልስ። ጋሼ በዚህች ውል ላይ ስለምትገባ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሦስት ሳምንት አከራክረውናል። የአንድ ቁልፍ ቀለም ሲቀየር «ማን ተጠየቀ?» ብለው አራት ገጽ ኢሜይል ጽፈዋል። ሰብሳቢያችን ስማቸውን ስክሪኑ ላይ ሲያይ ጥርሱን ያመዋል።

ባለፈው ወር ሰብሳቢው አዲስ ውል ይዞ መጣ፤ አንድ ኩባንያ ፕሮግራሙን ወስዶ፣ ቆልፎ እንዲሸጠው። ለዚህ ደግሞ እጁ ያለበት ሁሉ መፈረም አለበት። «ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?» አለ። ይህ ቃል የሚወጣው ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ቀን ነው። እኔ አንገቴን መድፋት ልማዴ ነውና ፈረምኩ። ሠላሳችንም ፈረምን።

«ቆይ!» አሉ ጋሼ። «እኔ የሰጠሁት ለሁሉም ነው። ከሁሉም ነጥቄ ለአንዱ የምሰጠው በየት አገር ሕግ ነው?»

«ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ አርባ መስመር ኮድ ብቻ ነው!» አለ ሰብሳቢው።

«አርባ ብቻ ከሆነ ምን አስለመነህ?»

ደንቡ እንዲህ ነው፤ ያልፈረመ ሰው ሥራ ይፋቅና፣ አሮጌውን አይቶት በማያውቅ ሰው እንደ አዲስ ይጻፋል። አይቶት ከሆነ ስርቆት ነው። ሰብሳቢው እኔን መረጠ።

«አንቺ ዝምተኛ ነሽ። አላየሁም ብለሽ ትጽፊዋለሽ፣ አለቀ።»

አላየሁም? እነዚያ አርባ መስመሮች ረጅም ስንኝ ከገጹ ጠርዝ ሲደርስ የት እንደሚታጠፍ የሚወስኑ ናቸው። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ግጥሞቼን እንደ ብስኩት ሲሰባብራቸው፣ ሳይጎዱ ያወጣልኝ የጋሼ ኮድ ነው። ወደዚህ ሥራ የገባሁትም በእሱ ምክንያት ነው። በቃሌ እወጣዋለሁ።

«አይቼዋለሁ» አልኩ። ድምፄ ለእኔም በደንብ አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ?»

«አይቼዋለሁ። አልጽፍም።»

ትከሻውን ነቅንቆ ለሌላ ሰው ሰጠው። ከምሳ በፊት ተጽፎ አለቀ። የጋሼ ስም ከፕሮግራሙ ሠሪዎች ዝርዝር ወጣ፤ የእኔ እዚያው አለ፣ ከፈረሙት ጋር።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። መፈረሜን ስነግራቸው ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እሱን ተይው፣ ልጄ» አሉ። «ግጥምሽን በአዲሱ ሞከርሽው?»

«ሞከርኩት፣ ጋሼ። ሦስተኛው ስንኝ መሃሉ ላይ ተሰበረ።»

በስልኩ ውስጥ መሳቢያ ሲከፈት፣ እቃ ሲተራመስ ሰማሁ፤ መነጽራቸውን እየፈለጉ ነው።

«የትኛው ቃል ላይ?» አሉኝ።