ሶስና ሜዳ የገባች ቀን

እኔ የክሪኬት አፍቃሪ ነኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ። ዱላና ኳስ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ገና ስንጫወት አይደል ያደግነው? ባለቤቴ ሶስና ግን ይህን ክርክሬን አትቀበልም። ገና ቢያንስ ያሯሩጣል፤ እነዚህ ነጭ ለብሰው ቀኑን ሙሉ ሣር ላይ ይቆማሉ ትላለች። «ሻይ ለመጠጣት የሚቋረጥ ነገር ስብሰባ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» ብላኛለች አንድ ቀን።

በሽታውን ያስያዘኝ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ስቶክሆልም ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሃግሴትራ የምንኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት የጋራ ትቬትስቱጋ አለን። ቀንና ሰዓት ይዛችሁ ወርዳችሁ ታጥባላችሁ። ሰው ሲጣላ አይቼ የማላውቅበት አገር ነው፤ በማጠቢያ ሰዓት ግን ቀልድ የለም። አንድ ቀን ልብሴን ተሸክሜ ስወርድ፣ በእኔ ሰዓት አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ሣር የነካው ነጭ ሱሪ በሳሙና ይፈትጋሉ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ቀና ብለው መልኬን አዩና በአማርኛ «ይቅርታ፣ ትንሽ ታገሠኝ» አይሉኝም መሰላችሁ? ቁጣዬ እዚያው ቀረ።

ሚስተር ቶማስ ይባላሉ። በጃንሆይ ጊዜ ደሴ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ያኔ ተማሪ ሁሉ የሕንድ አስተማሪዎቹን «ሰር» ይል ስለነበር እኔም ሰር አልኳቸው፤ እሳቸውም እንደ ተማሪያቸው አንተ አሉኝ። ሚስታቸው ካረፈች በኋላ ወደዚህ ያመጣቻቸው ሁዲንጌ ሆስፒታል ነርስ የሆነች ልጃቸው ናት። እሷ ፈረቃ ላይ ናት፤ እሳቸው ብቻቸውን ይውላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የሕንድ፣ የፓኪስታንና የስሪላንካ ልጆች ባቋቋሙት ቡድን ውስጥ ክሪኬት ይጫወታሉ። በዚያ ዕድሜያቸው!

ሕጉን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አትፍሩ፣ ሁሉንም አልነግራችሁም። ሜዳው መሐል ትይዩ የሆኑ ሁለት ጫፎች አሉ፤ በየጫፉ ሦስት እንጨቶች ቆመዋል። ኳሱን በመምቻችሁ ትመቱና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ትሮጣላችሁ። ሳትደርሱ ባላጋራ በኳሱ እንጨቶቹን ከጣለ ወጣችሁ። ለዛሬው ወሬያችን ይህ ይበቃል።

የዘመኑን ጨዋታ ግን አታንሱብኝ። ሰር የቪዲዮ ካሴት ከለንደን ይላክላቸዋል፤ አብረን ተቀምጠን እናያለን፤ እኔ እበግናለሁ። አምስት ቀን የሚፈጀውን ጨዋታ በአንድ ቀን ጨርሰው ወደ ቤት! ነጩን ልብስ ጥለው ቢጫና ሰማያዊ ለበሱ፤ ልክ የሌሊት ልብስ። ቀዩን ኳስ ነጭ አደረጉት። አሁን ደግሞ ዳኛው ሲጠራጠር ቴሌቪዥን ይጠየቃል። ዱሮ እኮ ጨዋ ተጫዋች ጥፋቱን ካወቀ ዳኛ ሳይፈርድበት ራሱ ይወጣ ነበር! እንዲህ ስንጨረጨር ሰር ይስቃሉ። «ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ነጭ ማጠብ ሰልችቶኛል» ይላሉ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ታዲያ ዘመናዊነት ካሴቱ ውስጥ አልቀረም፤ ባለፈው በጋ ወደኛም ሜዳ መጣ። የቡድኑ አምበል ራቪ የሚባል ታክሲ ነጂ ነው። ቶሎ ምቱ፣ ቶሎ ሩጡ፣ የዘመኑን ጨዋታ እንጫወት ይላል። የሰር እጅ ዛሬም አልሰነፈም፤ እግራቸው ነው ያስቸገረው። ሮጠው አልደርስ እያሉ ደጋግመው ወጡ። አንድ ቀን ራቪ ወደ ጎን ጠራኝና፣ አንተ ወዳጃቸው ነህ፣ እኔ አባቴን የማባርር ያህል ይከብደኛል፣ ንገርልኝ አለኝ። የሚመጣው ቅዳሜም ሮጠው ካልደረሱ፣ ከእንግዲህ ከአንተ ጋር ተቀምጠው ይመልከቱ አለ።

መርዶ ነጋሪ ሆንኩላችሁ። ቱነልባና የሚሉት የምድር ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን እንደተቀመጥን ነገርኳቸው። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ራቪ ልክ ነው» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ቀስ ብለው «ቅዳሜ ከሌለ ግን ሳምንቱ በጣም ይረዝማል» አሉኝ።

ማታ ለሶስና ነገርኳት። ሶስና በቸርቻችን የታመመ ጠያቂ፣ ያዘነ አጽናኝ እሷ ናት፤ ሰው ሲከፋው ቤቷ መቀመጥ አትችልም። «ጋሽ ቶማስን ነው የሚያስወጡት?» ብላ ብድግ አለች። ቅዳሜ ሲደርስ ያንን ስብሰባ የምትለውን ጨዋታ ልታይ ሳምቡሳ ጠብሳ ተከተለችኝ። ሕጉን ላስረዳሽ ብላት፣ ጋሽ ቶማስ መቼ እንደሚሮጡ ብቻ ንገረኝ፣ ያኔ እጸልያለሁ አለች።

ሰር ገቡ። የመጀመሪያዋን ኳስ ጥሩ አድርገው መቷትና ሮጡ። «አሁን ነው» አልኳት። መንገዱ አጋማሽ ላይ እግራቸው ተጠልፎ በግንባራቸው ተደፉ! ኳሷ ባላጋራው እጅ ገብታለች፤ እንጨቶቹ ደግሞ አጠገቡ ናቸው። መንካት ብቻ ነው የቀረው።

«እኔን! እኔን ልደፋልዎት!»

ዞር ስል ሶስና ከጎኔ የለችም። ጫማዋን እንኳ ጥላ ሜዳው መሐል ደርሳለች። ደግፋ አነሣቻቸው፤ በሻርፗ ጉልበታቸውን አራገፈች፤ ግንባራቸውን ዳሰሰች። ኳሷን የያዘውን ጎረምሳ ደግሞ፣ ሰው ወድቆ ቆመህ ታያለህ እንዴ ብላ በአማርኛ ተቆጣችው። ልጁ ምን ገብቶት እንደሆነ እንጃ፣ ኳሷን ከጀርባው ደበቀ። ሁለቱ ዳኞች ተጠራርተው መከሩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። በመጨረሻ፣ ሴትዮዋ ስለገባች ጨዋታው ተቋርጧል፣ ሽማግሌው አልወጡም፣ ይቀጥሉ ብለው ፈረዱ። ራቪ አጨበጨበ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ሰር ግን የሶስናን እጅ ያዙና «ተባረኪ፣ ልጄ» አሏት። መምቻቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠውም ከሜዳው ይወጡ ጀመር። ዳኛው ይመለሱ ብሎ ጠራቸው።

«አልደርስም ነበር» አሉ ሳይቆሙ።

ምን እየጣሉ እንደሚወጡ እሳቸው ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ፤ ራቪም ያውቃል። እንግዲህ የምመኘውን የዱሮ ጨዋታ በዓይኔ አየሁት። ጠላሁት! ምነው ዛሬን እንኳ ትንሽ ዘመናዊ ቢሆኑ አልኩ። ሶስና ምን አጠፋሁ፣ እንዲሮጡ ብዬ እኮ ነው ያነሣኋቸው እያለች ታለቅሳለች። ሲወጡ መጀመሪያ ያጨበጨበላቸው ያ ኳስ የደበቀው ጎረምሳ ነው፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ። ራቪ ብቻ መሬት መሬቱን ያያል።

ሰር ሳምቡሳ እየበሉ የሚያጽናኑት ሶስናን ነው። ደሴ እንደገቡ ሰሞን ክፍል ውስጥ ተደናቅፈው ቢወድቁ ተማሪው ሁሉ «እኔን!» አለ አሉ። ትርጉሙን ስላላወቁ፣ ጥፋቱን እየተናዘዘ መስሏቸው ሁሉንም አንበርክከውታል። አገሩን ሲለምዱ ግን ቃሉን ሚስታቸውም ወደደችው፤ ማሰሮ ቢያቃጥላቸው እኔን፣ ሚስማር ቢወጋቸው እኔን ትላቸው ነበር። ባለፈው ክረምት እዚህ በረዶ ላይ ሲወድቁ አንድ ሰውዬ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ደህና ነዎት ወይ ብሎ በትሕትና ጠይቆ አለፈ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የአገሩ ደግነት እንደዚያ ነው። «እሷ ከሞተች ወዲህ እኔን ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉና የሶስናን እጅ መታ መታ አደረጉ።

ራቪ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሳምቡሳ አነሣ፤ ቆየት ብሎ ሌላ ደገመ። ከዚያ ሰርን ሳያያቸው፣ ለሚመጣው ቅዳሜ እንዳያረፍዱ ብሏቸው ሄደ። ሰር መነጽራቸውን አውልቀው ሲወለውሉ ቆዩ።

የበጋው የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ደግሞ የሆነውን ልንገራችሁ። ሶስና ከእኔ ጎን ተቀምጣለች። ሰር መቱ፤ ሮጡ። እንደማይደርሱ ከማናችንም በፊት ያወቁት እሳቸው ናቸው። አጋማሹ ላይ ሲደርሱ ወደ ሶስና አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ወደቁ። መጀመሪያ መምቻቸውን ቀስ አድርገው ሣሩ ላይ አስቀመጡ፤ ከዚያ አንዱን ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላውን፤ በመጨረሻ ጋደም አሉ። ሶስና «እኔን!» ብላ በረረች። ኳሷን የያዘው ሰው እንጨቶቹን መንካት ትቶ ፈገግ ብሎ ቆመ፤ የእሷ ወሬ ከሜዳ ሜዳ ደርሷል። አነሣቻቸው፤ ምንም ያልነካውን ሱሪያቸውን አራገፈች። ዳኛው ይቀጥሉ አለ።

ቀጠሉ!

ሶስና እያለከለከች ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። «በጣም ተጎድተው ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

«ክፉኛ ነው የወደቁት» አልኳት።