ችግሩን በቃሉ የያዘው ሙሽራ

እርዳታው ቀርቶ አመሉ ያልለቀቀው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ የቡታጅራው ጎረቤቴ ሸምሱ። ፈረንጅ በላንድክሩዘር በመጣ ቁጥር ወጥቶ ችግሩን የሚናገረው እሱ ነበር። ዘንድሮ የውጭው ገንዘብ ተቋርጦ የእርዳታ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። የሸምሱ አፍ ግን አልተዘጋም።

በቀደም ዘሃራን ልናጭለት ሄድን። አጪ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ እሱ ግን «መናገር እኔ እችልበታለሁ» ብሎ ተከተለን። አባቷ ሐጂ ከድር «ለመሆኑ ኑሮ እንዴት ነው?» አሉት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጣሪያዬ ያፈሳል፤ ውሃ የምቀዳው ከሩቅ ነው፤ ድጋፍ ካላገኘሁ ክረምቱን አልዘልቀውም!»

ጎኑን ጎሸምኩት። ምን ዋጋ አለው?

«ታዲያ ልጄን ከሚያፈሰው ሥር ልትደቅናት ነው?» አሉ ሐጂ፣ ሊነሱ እያሉ።

ከጓዳ የዘሃራ ሳቅ ተሰማ። ፕሮጀክቱ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ሠራተኛ ነበረች።

«አባዬ፣ ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ነው። ቅጹ ላይ ያፈሳል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሐጂ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «እንግዲያው ሰርጉ በሐምሌ ይሁን፤ ዝናቡ ይመስክር!»

ደስ ብሎኛል። ሐምሌን እነሱ ቤት ነው የማሳልፈው፤ የሚያፈሰው የእኔ ጣሪያ ነው፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።