ሎጃችን ባለሙያ ይፈልጋል

[በሰሜን ካናዳ፣ ክሪ በሚባሉት ነባር ሕዝቦች አንድ መንደር። ለሠላሳ ዓመት የውጭ ሰዎች ተከራይተውት የቆዩት የሐይቁ ዳር ሎጅ ዘንድሮ በመንደሩ እጅ ገብቷል። ከከተማ ተምሮ የመጣው ሌስተር የቅጥርና የሥልጠና ኃላፊ ከሆነ ገና አራተኛ ቀኑ ነው፤ ክራቫቱ አንገቱን ያሳክከዋል። አክስቱ ዴልፊን ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች።]

ሌስተር፦ አይሆንም! «ሙያ» የሚለው ቦታ ባዶ አይተውም!

ዴልፊን፦ መቼ ተውኩት? «ሁሉንም» ብዬ ጽፌልሃለሁ።

ሌስተር፦ «ሁሉንም» ሙያ አይደለም፣ አክስቴ! [ጉሮሮውን ጠርጎ] ማለቴ… ወይዘሮ ዴልፊን። እዚህ ቢሮ ውስጥ እርስዎ አመልካች ነዎት።

ዴልፊን፦ [ወደ ኋላዋ ዞራ] ማንን ነው እርስዎ የምትለው? ሰው ገባ እንዴ?

ሌስተር፦ እሺ፣ አንቺ! ሎጁ ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር?

ዴልፊን፦ አልጋ አነጥፍ ነበር።

ሌስተር፦ ይኸው! [እየጻፈ] «የጽዳት…»

ዴልፊን፦ ምግብ አብሳዩ ሲያኮርፍ ደግሞ አበስላለሁ።

ሌስተር፦ አልፎ አልፎ ማለት ነው።

ዴልፊን፦ ኧረ በየቀኑ ነበር የሚያኮርፈው። የጀልባው ሞተር እምቢ ሲል ደግሞ…

ሌስተር፦ በቃ፣ በቃ! ቦታው ጠባብ ነው። ስሚኝ፣ ሎጁ አሁን የራሳችን ነው። ወጣቶቻችን ካልሰለጠኑ ግን በዓመቱ ተመልሰን ልናከራየው ነው።

ዴልፊን፦ [ፈገግታዋ ጠፍቶ] እሱስ እውነትህን ነው። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው። ማን ሊያሰለጥናቸው ነው?

ሌስተር፦ [ወረቀት ከፍ አድርጎ] ግራንት የሚባል ባለሙያ! የአሥራ ሁለት ዓመት ልምድ ያለው!

ዴልፊን፦ ያ ጢሙ ቀዩ? የመጣ ዕለት ጀልባዋን ድንጋይ ላይ አውጥቷት፣ ጎትተን ያወረድናት እኔና ባለቤቴ ነን። ደህና ሰው ነው። ኋላ ለመደ።

ሌስተር፦ ለመደ አይባልም፣ ሠለጠነ ነው! ይኸው ራሱ የጻፈው፦ «የሐይቁን ድንጋይ፣ የዓሣውን መዋያ፣ የሞተሩን አመል ያስተማረችኝ ዋና አሰልጣኜ ሚስ ዲ ናት።»

ዴልፊን፦ ዋና? በዚህ ብርድ ማን ዋና ያሰለጥናል?

ሌስተር፦ የውሃ ዋና አይደለም! ዋና፣ የበላይ! ፕሮፌሰር ሳትሆን አትቀርም።

ዴልፊን፦ ይቺ ሴት አሁን የት ነው ያለችው?

ሌስተር፦ ትልቅ ቦታ ነዋ! [ድንገት ብድግ ብሎ] ቆይ፣ አስተማሪዋ እያለች ተማሪውን ምን አስቀጠረን? እሷኑ ነው መቅጠር!

ዴልፊን፦ እምቢ ብትልስ?

ሌስተር፦ እለምናታለኋ! ስልክ ቁጥሯ እዚህ ተጽፏል። አንቺ ዝም በይ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ልነጋገር ነው።

[ይደውላል። ከዴልፊን ካፖርት ኪስ ስልክ ይጮኻል። ሌስተር አክስቱ የእጅ ስልክ መያዟንም አያውቅም።]

ሌስተር፦ ኧረ አክስቴ፣ ዝጊው! ሥራ ላይ ነኝ!

ዴልፊን፦ [ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ] አቤት፣ ሚስ ዲ ነኝ።

[ሌስተር ስልኩን ያያል፣ አክስቱን ያያል፣ እንደገና ስልኩን ያያል። ጆሮው ድረስ ይቀላል።]

ሌስተር፦ [በስልኩ፣ በቀጭን ድምፅ] አክስቴ… ሥራ ትቀበያለሽ?

ዴልፊን፦ [እሷም በስልኩ] እቀበላለሁ። ሰኞ ጠዋት ወጣቶቹን ጀልባው ጋ ላክልኝ። አንተም ጫማህን ቀይረህ ና፤ ከአንተ ነው የምጀምረው።