ወይዘሮ ኦርፋና ቢጫዋ ወረቀት

የሰው በር ስታንኳኳ የምትውል ሴት የሌላት ከተማ ገና ከተማ አልሆነችም። የኛዋ ክብርት ወይዘሮ ኦርፋ ትዊችል ናቸው። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ያለችው ግዛታችን ዋሽንግተን ሴት ትምረጥ ካለች ወዲህ በመጋዝ ፋብሪካው ሰፈር ሰላም የለም። ለቅሶ ቤት ይገቡና "እግዜር ያጽናሽ፤ ማክሰኞ ትመርጫለሽ አይደል?" ይላሉ። ምጥ የያዛትን ሴት "አይዞሽ፣ እስከ ማክሰኞ ትነሻለሽ" ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔማ ድምፃቸውን ስሰማ አልጋ ስር ነበር የምገባው።

የዚያን ዓመት የሚመረጠው መጠጥ ቤቱ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚለው ነበር። ባሌ ሀይረም ደሞዙን እዚያ ይጠጣል፤ ለኔ ጡጫውን ይዞልኝ ይመጣል። መዘጋቱን እንደኔ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ችግሩ ወረቀቱ ነው፤ ይዘጋ የሚለው ቢጫ፣ ይቀጥል የሚለው ነጭ ስለሆነ ማን ምን እንደመረጠ ከመንገድ ማዶ ይታያል። ወይዘሮ ኦርፋ መላ ዘየዱ። "ነጩን እያሳየሽ ሂጂ፤ ቢጫውን እጅጌሽ ውስጥ ደብቂ። ሳጥኑ ጋ ስትደርሺ ትለውጪዋለሽ።"

ሀይረም የምርጫው ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። መለወጡን ፈራሁና ነጩን ከተትኩት። እኔ ጉደኛዋ፣ ለመጠጥ ቤቱ መረጥኩለት። ስወጣ ደግሞ ቢጫዋ ከእጅጌዬ ሾልካ ሀይረም ፊት ወደቀች። ወይዘሮ ኦርፋ በዚያ ታንኳ በሚያህል ጫማቸው ረገጧትና ስለ ዝናቡ ያወሩለት ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወሩለት። መጠጥ ቤቱ በሦስት ድምፅ አሸነፈ፤ እሳቸው ግን አንድ ቃል አልወቀሱኝም።

በዓመቱ ምርጫ አልተሳሳትኩም፤ ቢጫዋን ከተትኩ፤ መጠጥ ቤቱ ተዘጋ። አሥር ወር ፊቴ ሳይበልዝ ከረመ። ከዚያ የግዛቱ ፍርድ ቤት ሴት ትምረጥ ያለው ሕግ ዋጋ የለውም ብሎ መብታችንን ሰረዘው፤ በኛ ድምፅ የተዘጋው መጠጥ ቤትም ተከፈተ።

ለሚቀጥለው ምርጫ ወይዘሮ ኦርፋ እንደ ልማዳቸው መጡ።

"እትዬ፣ አይቀበሉንም እኮ" አልኳቸው።

"አይቀበሉ። ግን እምቢ ሲሉ ዓይን ዓይናችንን እያዩ ይበሉ።"

ከአርባ ሴት የሄድነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሀይረም እያየኝ ቢጫዋን በአደባባይ ያዝኳት። ሳጥን ጠባቂው ስታብስ ተቀበለኝና ምድጃው ውስጥ ወረወራት። "ሂጂ ቤትሽ፤ ባልሽ የሚሰጥሽ አለው" አለኝ። ወንዶቹ ሳቁ። ቤት ስገባ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ።

ወይዘሮ ኦርፋ ክንዴን ይዘው ወደ ሀይረም ዞሩ። "ከዛሬ ጀምሮ ቤቷ እኔ ጋ ነው" አሉት።

ይኸው እሳቸው ጋ ስኖር ሰባት ዓመቴ። ያንኮራፋሉ፤ ሾርባ እየጠጡ እንኳ ስለ ሕግ ይነዘንዙኛል። ግዛታችን የአሜሪካ ሙሉ ክፍለ ሀገር ስትሆንም ወንዶቹ ሴት አትምረጥ ብለው ዳግመኛ እምቢ አሉን። ዘንድሮ ወይዘሮ ኦርፋን ሳንባቸው አልጋ ላይ ጥሏቸዋል፤ ሐኪሙ ክረምቱን አይሻገሩም ብሏል። ሴት ትምረጥ የሚለውን የፊርማ ወረቀት ይዤ በር ለበር የምዞረው አሁን እኔ ነኝ። ማታ ስገባ "ስንት ሰው ፈረመልሽ?" ይሉኛል። ቁጥሩን ጨምሬ እነግራቸዋለሁ።