አያ ይርሳው እና ጂ ፕላስ ፎር

ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ገብቶ የጨረሰ ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ቅኔ የሚፈታ ሰው ግን በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ቅኔ ባይኖርም ይፈታል። እናንተም ታውቁታላችሁ። "እንደምን አደሩ" ስትሉት "ምን ለማለት ፈልገህ ነው?" ብሎ ዓይኑን የሚያጠብባችሁ ሰው እሱ ነው።

እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር አያ ይርሳው ናቸው። ጡረታ የወጡ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሲሆኑ በልጅነታቸው ቅኔ እንደተማሩ ይነገራል። የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው። የተጻፈ ነገር ባዩ ቁጥር ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ ያደርጉና "ሰሙን ተወው፤ ወርቁ ወዲህ ነው" ይላሉ። "ወዲህ" ሲሉ ጣታቸው የሚያመለክተው ሁልጊዜ የራሳቸውን ግንባር ነው።

አንድ ቀን ባሕር ዳር ለሚኖረው ልጃቸው ደወሉ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልተቻለም" አለቻቸው።

"ልብ አድርግ" አሉኝ፤ "'የለም' አላለችም። 'አልተቻለም' ነው ያለችው። የያዘው ነገር አለ።"

በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረው ባሕር ዳር ገቡ። ልጁ ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ነበር። "ታዲያ ምን አልኩ? አልተቻለም!" ብለውት ምሳቸውን በልተው ተመለሱ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ "ከነባለቤትዎ" የሚል የሠርግ ጥሪ ደረሳቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ካርዱን ሲያገላብጡ ዋሉና "ወደ እሷ ሂድ ማለታቸው ነው" ብለው ደጋሹን ዓመት ሙሉ አኮረፉት።

እየሳቅሁባቸው እንዳይመስላችሁ። በዚህ ሰፈር ብቸኛው ደቀ መዝሙራቸው እኔ ነኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣሁም፤ በምትኩ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ሌሊት ሌሊት እያነበብኩ ሰው ከማናገር ተገላግያለሁ። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ካነበብኩት የተረፈኝን ቃል የማሳርፍበት ሌላ ቦታ ስለሌለኝ ማመልከቻው ላይ አሳርፈዋለሁ። የጠፋ መታወቂያ እንዲተካለት የጻፍኩለትን ይዞ ሄዶ እያለቀሰ የተመለሰ ሰው አለ። ያለቀሰው በጽሑፌ ውበት መስሎኝ ነበር። የሚፈልገውን አልገባንም ብለው መልሰውት ነው።

ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ሰሌዳ ተተከለ። "የጂ ፕላስ ፎር መኖሪያ ሕንጻ የሚሠራበት ቦታ" ይላል። ለመምህራንና ለመንግሥት ሠራተኞች ነው። ነዋሪዎች በአስር ቀን ውስጥ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ያቅርቡ የሚልም አለው። ሥዕሉ ላይ ሕንጻው ሜዳውን ይዞ አያበቃም፤ አልፎ የእትዬ አይናለምን ቤት ከነጌሾ ጓሯቸው ይበላዋል። እትዬ አይናለም ባል የሞተባቸው፣ ጌሾ ሸጠው የሚኖሩ ሴት ናቸው።

"ጂ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ እትዬ አይናለም። ማንበብ አይችሉም፤ እኔ ነበርኩ ያነበብኩላቸው።

አያ ይርሳው ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። "ጅብ ሲጻፍ በምን ይጀምራል?"

"በጅ" አልኩ።

"ጂና ጅ እህትማማች ናቸው። ከአራት ጋር ሆኖ ነው የሚመጣው።"

"ጅቡስ ማነው?"

"እሱን አልጻፉትም። ወርቁ እሱ ነው።"

እትዬ አይናለም ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ቤቴን አልሰጥም ብለህ ጻፍልኝ።"

እኔና አያ ይርሳው ተያየን። ቤቴን አልሰጥም! እንዲህ ያለ እርቃኑን የቆመ ነገር እንዴት ወረቀት ላይ ይወጣል? "ባለሥልጣን ፊት ነገር ልብስ ለብሶ ነው የሚቀርበው" አሉ አያ ይርሳው። እኔም ልብሱን ልሰፋ ሦስት ቀን ተጨነቅሁ። በሦስተኛው ቀን መጣልኝ፤ "ለልማት የማይነሳ የለም"።

አያ ይርሳው ሲሰሙት ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሰሙ፣ ልማት ሲመጣ ሁሉም እንደ ክቡር እንግዳ ብድግ ብሎ ይቀበለዋል ነው። ወርቁ ግን፣ ዛሬ ሰው የምታስነሱ እናንተም ነገ ከወንበራችሁ ትነሳላችሁ ነው። "ይህን አንብበው ሌሊቱን አይተኙም" አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ በፊት ለጽሑፌ ማንም ግንባሬን ስሞኝ አያውቅም።

አርባ አንድ ሰው ፈረመ። እትዬ አይናለም አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ እንደጫኑ ቆም አሉና "ቤቴ አለበት?" አሉ።

"አለበት" አልናቸው። "ውስጥ ነው።"

መልሱ ከማዘጋጃ ቤት በሳምንቱ መጣ። ከምስጋና ይጀምራል። በማመልከቻችሁ ለልማቱ የማይነሳ ነዋሪ አለመኖሩን ስላረጋገጣችሁልን እናመሰግናለን ካለ በኋላ፣ ወይዘሮ አይናለም በቀዳሚ ተነሺነት መመዝገባቸውን ይገልጻል።

ሰሙንም አልያዙት፤ ወርቁንም አላገኙት። እኛ ያላስቀመጥነውን ሦስተኛ ነገር አግኝተው ተጠቅመውበታል።

አያ ይርሳው ወረቀቱን አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

"ምን ይላል?" አሉ እትዬ አይናለም።

"ትነሽ ይላል።"

"ማነው ያለ?"

"እኛ።"

እትዬ አይናለም አልጮሁም። ገብተው በራቸውን ዘጉ። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

ደብዳቤው በቀጠረን ቀን ለስብሰባ ሄድን። ሥራውን የምትመራው ኢንጂነር ፍሬሕይወት ከደሴ የመጣች ወጣት ናት። ጂ የሚባለው ምድር ቤቱ እንደሆነና ጅብ ውስጡ እንደሌለ ስትነግረን አንድ ሁለት ሰው ቅር አለው። አንነሳም የሚል ጉምጉምታ ሲሰማ ማመልከቻችንን ከፍ አድርጋ አሳየች።

"እናንተው ናችሁ የጻፋችሁት። አርባ አንድ ፊርማ አለው። አሁን አንነሳም ትላላችሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያመነጨው ማነው?"

ጫማዬን ማንበብ ጀመርኩ። ያን ያህል መጽሐፍ አንብቤ ያገኘሁት ጀግንነት እግሬ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

"እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አያ ይርሳው ቆመዋል። "ቅኔ ነው።"

"ቅኔ ተምረዋል እንዴ አባቴ?"

እኔ የማውቃቸው አያ ይርሳው እዚህ ላይ የመምህራቸውን፣ የመምህራቸውን መምህር ስም እየጠሩ እስከ ምሳ ሰዓት ይሄዱ ነበር።

"ሦስት ወር" አሉ። "ሦስት ወር ተማርኩና በየደጁ ቁራሽ ስለምን ውሻ ነከሰኝ። ወደ እናቴ ተመለስኩ። የቀረውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ ፊት ደረሰ። እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁት።

"ሳቁ፤ ግድ የለም። አንቺ ግን ስሚኝ ልጄ። ሴትዮዋ ቤቴን አልሰጥም ነው ያለችው። ነገሩን የሸፈንኩት እኔ ነኝ። በእኔ አላዋቂነት እሷ አትነሳ።"

ኢንጂነር ፍሬሕይወት ወረቀቱን አስቀመጠች። "ሥዕሉ ገና ሥዕል ነው" አለች። "ካልፈቀዱ ሕንጻውን ወደ ሜዳው መግፋት ይቻላል። ግን የራሳቸውን ቃል እስከ ሐሙስ በጽሑፍ አምጡልኝ። እባካችሁ፣ እኔ የሚገባኝ አድርጋችሁ።"

ስንወጣ ተከተልኳቸው። "አያ፣ ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምነው?"

"አንተ በምን ትበላለህ? ይሄ ነው ያበላሸው ከተባለ ነገ ማን ማመልከቻ ያስጽፍሃል? እኔ እንደሆነ ጡረታዬን ማንም አይነሳኝም።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው "ሦስት ወር" ይላቸዋል። አቤት ይላሉ።

ረቡዕ እትዬ አይናለም ፎቶ ኮፒ ቤት መጥተው ራሴ ላይ ቆሙ። አያ ይርሳው ጥግ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም አልጠራቸውም።

"ጻፍ" አሉኝ እትዬ አይናለም። "ቤቴን አልሰጥም። አይናለም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አለቀ።"

ጣቶቼ መግቢያ ሊጨምሩ ሲንቀሳቀሱ አዩኝ፤ እጄን በእጃቸው ያዙት። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ለማንበብ አንዴ ከማሳል ያነሰ ጊዜ ወሰደ።

አያ ይርሳው ከጥጋቸው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወርቅ እኮ የለውም።"

"ቤት አለው" አሉ እትዬ አይናለም፣ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ እየጫኑ።

አያ ይርሳው ቀጥ ብለው ቀሩ። አፋቸው ተከፈተ፤ የግጥሙንም ቤት የጭቃውንም ቤት፣ ሁለቱንም በአንዴ የሰሙ መሰለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ሲፈልጓት ኖረው ውሻ ያስጣላቸው ነገር፣ ፊደል ባልቆጠሩ ሴት አፍ ወጥታ ጌሾ ጌሾ እየሸተተች ፊታቸው ቆማለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያብራሩልኝ ፈልጌ ወደ እሳቸው ዞርኩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ምን ታፈጥብኛለህ?" አሉኝ። "አትም እንጂ!"