ጀነሬተር ያለው እጩ

ባለቤቴ አስቴር ከሞተች አራት ወር ሆናት።

መብራት በጠፋበት ከተማ ጀነሬተር ያለው ሰው አድማጭ አያጣም። የሚናገረውን ማን ይጠይቀዋል? ቦንጋ ከጨለመች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። በምርጫ ቅስቀሳው ሰሞን አንድ እጩ ለድምፅ ማጉያው ጀነሬተር ይዞ አዳራሽ ገባ መባሉ ሲሰማ፣ ሕዝቡ ቻርጀሩን ይዞ ጎረፈ። እጩው ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ ፊቱ በራ። በከተማው የበራ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

እኔም ከጎረፉት አንዱ ነኝ። ስልኬ ውስጥ አስቴር ልጃችንን ምሕረትን ስታጎርስ የቀረጽኩት ቪዲዮ አለ። ምሕረት ሦስት ዓመቷ ነው፤ ያንን ካላየች አትጎርስም። ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ቀን በወተት ብቻ ውላ አድራለች።

እጩው ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ኃይል ፖሊሲ ተናገረ። መብራት የሚጠፋው ዝናብ ቀንሶ ግድቦቹ ውሃ ስላጠራቸው ነው አለ። ይህን ሲል ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር። «ዝናብ ቀንሷል» የሚለውን ለማሰማት ሦስት ጊዜ ጮኸ። አጠገቤ የተቀመጡት ማር ነጋዴው ጋሽ ገረመው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ የጎደላቸው ውሃ ከሆነ ቦንጋን ጨምቀው አይወስዱም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወንዛችን ጎጀብ እንደሆነ ማንም ሳይቀሰቅሰው ወደ ግድቦቹ ቁልቁል ይሄዳል፤ መብራት ሆኖ ሲመለስ ነው መንገዱ የሚጠፋው። ጀነሬተሩም በር ላይ ጥቁር ጭሱን እየተፋ ስለ ንጹህ ኃይል ያስተምረናል።

ንግግሩ አለቀና ጥያቄ ካለ ተባለ። ሁሉም ዓይኑ ቻርጀሩ ላይ ነው። አስተባባሪዎቹ ጀነሬተሩን ሊያጠፉ ተነሱ። የሰካሁትን ስልኬን አየሁት፤ ባትሪው ገና አንድ መስመር። ችግር በቅቤ ያስበላል ይባላል፤ እኔን፣ ከአሥረኛ ክፍል ያላለፍኩትን አናጺ፣ ስለ ነፋስ ኃይል አስጠየቀኝ። እጩው በሰፊው መለሰ። ስለ ፀሐይ ጠየቅሁ። ስለ ባዮጋዝ ጠየቅሁ። ጋሽ ገረመውም ገብቷቸው ኖሮ፣ የበሬ እበትና የላም እበት እኩል ያበራሉ ወይ ብለው ተነሱ። ከኋላ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ያርዝሙልን፤ የኔ ገና ነው!» አለ። እጩው እንዲህ የነቃ ወጣት አይቼ አላውቅም ብሎ ስሜን በማስታወሻው ጻፈ። በአንድ ለአምስት ስብሰባ አፌን ከፍቼ የማላውቀውን ሰውዬ!

አምስተኛው ጥያቄዬ ላይ ቤንዚኑ አለቀ። ስልኬ ግማሽ ደርሷል። በዝናቡ ሮጥኩ።

ምሕረትን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩላት። አስቴር፣ «እንቺ እናቴ፣ ይቺ የመጨረሻ ናት» ትላለች፤ እንደ እጩ ቃል፣ ከመጨረሻዋ በኋላ ሌላ አለ። ምሕረት አፏን ከፈተች። ሦስቴ ደገምነው፤ ሳህኑ ባዶ ሆነ።

ቪዲዮው ሲያልቅ አስቴር ወደ እኔ ዞራ ትቆጣለች፦ «አንተ ሰውዬ፣ በቃ አጥፋው! መብራት የለም፣ ባትሪ ትጨርሳለህ።» በሕይወት ሳለች ይህን ብላኝ አንድ ቀን እሺ ብያት አላውቅም።

አጠፋሁት።