የአቶ ገብረዋሕድ የጎልፍ ዱላ ባለቤቶች

በየሰፈሩ አንድ ነገር ብቻ አውቆ በዚያው ተከብሮ የሚኖር ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለቦሌ ሚካኤሎች የደረሱን ክቡር አቶ ገብረዋሕድ ናቸው፤ እውቀታቸውም የአንድ የጎልፍ ዱላ ፋብሪካ ታሪክ ነው።

ከዚያው ፋብሪካ የወጣች አንዲት ዱላ አለቻቸው፤ የሰጧቸው በስልሳ ሰባት ድርጅቱ ሲወረስ ከአገር የወጡት ፈረንጅ አለቃቸው ናቸው። አቶ ገብረዋሕድ ጎልፍ ተጫውተው አያውቁም፤ "መጫወት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ" ይላሉ። ዱላዋ ላይ ያለውን "ደንሞር" የሚል የፋብሪካ ስም በመሐረብ ወልወል ያደርጉና ይጀምራሉ፦ "ደንሞር ሽማግሌው አንጥረኛ ነበር። ልጁ አከሰረው። አማቹ ገዛው። አማቹን የብስክሌት ፋብሪካ ዋጠው። የብስክሌቱን ደግሞ የጎማ ኩባንያ!" በቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ሲያወሩ ሰው ተራውን ይረሳል።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ዘመነ መሳፍንት ሳወራ ባለቤቴ ተናኜ ታዛጋለች። ለእሳቸው ግን የሹራብ ሥራዋን አስቀምጣ "እሺ፣ አማቹስ?" ትላለች። ቅናት አንገበገበኝ። ከዚህች ዱላ የሚገላግለኝ ባገኝ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

አንድ ረቡዕ የቀበሌው ውይይት ክበብ ርዕስ "የማምረቻ መሣሪያዎች ባለቤትነት" ሆነ። አቶ ገብረዋሕድ እጃቸውን አወጡ። "ምሳሌ አለኝ" ብለው ዱላዋን ከካፖርታቸው ሥር መዘዙና ከአንጥረኛው እስከ ጎማው ኩባንያ አወረዱት። ሊቀመንበሩ ጓድ ዘርአጽዮን በጽሞና አዳመጡ።

"ስለዚህ ይህ ዱላ የከበርቴ ኩባንያ ንብረት ነው። ለሕዝብ ይወረስ የምትሉ?"

እጆች መውጣት ጀመሩ። አቶ ገብረዋሕድ ዱላዋን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቀሩ። የተመኘሁት ደረሰልኝ፤ ደስታው ግን እምቢ አለ። እኚህ ሰው ያለ ዱላዋ ምን አውርተው ይውላሉ?

ሳላስበው ተነሣሁ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ታሪኩ አላለቀም!" ሽማግሌውን፣ ልጁን፣ አማቹን፣ ብስክሌቱን፣ ጎማውን በተራ ጠራሁና ከራሴ ጨመርኩበት፦ "በመጨረሻ ላብ አደሮቹ አድማ መትተው ፋብሪካውን ተረከቡ። ይህች የላብ አደር ዱላ ናት!"

"እውነት ነው፣ ጓድ ገብረዋሕድ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

የደንሞርን ልጅና አማች ያምታታ ለቀስተኛ ለማረም መንገድ ላይ ሬሳ ያስቆሙ ሰው ናቸው። ዱላዋን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

"እውነት ነው" አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ መውረሱም ቀረ።

እስከ ሰፈራችን አብረን ሄድን። አጥራቸው ጋ ስንደርስ ቆሙ።

"መምህር፣ የጎማው ኩባንያ ለማንም አላስረከበም።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ላብ አደር የሚባል እዚያ ውስጥ የለም።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አንድ ባለቤት እንኳ አልሳትክም እኮ! እኔ ደግሞ የማትሰማኝ ይመስለኝ ነበር።"

ያኔም ቀናሁባቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር የእኔን ታሪክ እንዲህ በቃሉ የያዘ አንድ ተማሪ አላገኘሁም።